ወለሉ እንዳይሰማ

በአዳማ አዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ወለሉ የልጅ እርምጃ ያውቃል። መንግሥት የሕፃናት ማቆያ ክፍያ የሚደጉመው ልጁ በእግሩ እስኪሄድ ብቻ ነው፤ መራመድ ሲጀምር ወለሉ ራሱ ለድጎማ ቢሮው ይናገራል። ስለዚህ ኤልዳናና ባሏ ፍሬዘር ልጃቸው ሶልያና ወለሉን እንዳትረግጥ ከእቅፍ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ እቅፍ ሲያመላልሷት ከረሙ።

አንድ ቅዳሜ ሶልያና ከአልጋው ተንሸራታ ወረደች። ሶፋውን ይዛ ቆመችና ለቀቀችው።

«ያዣት! ደመወዛችን እኮ ለማቆያው አይበቃም!» ብሎ ጮኸ ፍሬዘር።

ኤልዳና እጇን ዘረጋች። ልጅቷ በሁለት ጥርሷ ሳቀችላት። እናት አላስቻላትም፤ ወደ ኋላ እየሸሸች «ነይ እናቴ፣ ነይ!» አለቻት። ሶልያናም እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች መጣች።

ወለሉ በዜማ «እንኳን ደስ አላችሁ! ድጎማችሁ ከሰኞ ጀምሮ ተቋርጧል» አለ።

ባልና ሚስት ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ፍሬዘርማ እንባውን እየጠረገ «ድገሚው፣ የኔ ልጅ! ከእንግዲህ ምን ቀረን?» ይላል።

ወዲያው የታች ፎቅ ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች እልል እያሉ ገቡ። በየስብሰባው «የሰው ልጅ በእኔ ግብር አያድግም!» እያሉ ድጎማውን የሚቃወሙት እሳቸው ናቸው።

«ወለላችሁ ሲለፈልፍ ሰማሁት! ሰኞ ማን ይይዝላችኋል?»

«እንጃ፣ እትዬ» አለች ኤልዳና።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ!» ሶልያናን አንስተው አገላብጠው ሳሟት። «ስብሰባ ላይ ግን መቃወሜን አልተውም!»