የአሮጌው ፕሮሰሰር ፈተና

ወጣቱ ፕሮግራመር ሄኒንግ አሮጌውን ኮምፒውተር «ሬሳ ሣጥን» ይለዋል። የኮምፒውተሩ ባለቤት ኦትማርም በእሱ ዓይን ከዚያ አይሻሉም። ሽማግሌው በጀርመኗ ኪል ከተማ ያለው ቢሯቸው ኮምፓይለር፣ ማለትም የፕሮግራም ጽሑፍን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ሶፍትዌር፣ በዚህ ሠላሳ ዓመት ባለፈው ፕሮሰሰር ላይ እንዲሠራ አሥራ ሁለት ዓመት ደክመዋል። ዛሬ ከአራት ሺህ ፈተናዎች አንዱ እንኳ ካልተሳካ ሥራቸው ሁሉ ይሰረዛል።

«ጋሽ ኦትማር፣ ከምሳ በፊት እንቀብረዋለን» አለ ሄኒንግ፣ ዓሣ ያለበትን ዳቦ እየገመጠ።

«አንተ ልጅ፣ ምላስህን ሰብስብና ስክሪኑን እይ።»

ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶኛው ተሳካ። ቀጣዩም ተሳካ። ሄኒንግ ከንፈሩን አጣመመ። ይህ ቆርቆሮ እንዲህ ሊፈጥን አይችልም፤ ሌላ ኮምፒውተር ተደብቆ እየሠራለት መሆን አለበት። የኔትወርኩን ገመድ ነቀለው። ውጤቱ መምጣቱን አላቆመም።

«እስቲ ማጭበርበሪያዎን ልይ!» ብሎ ክዳኑን ፈታ።

የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር። የብረት እግሮቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ወፍራም አቧራ ደፍኗቸዋል።

«ጋሽ ኦትማር… የት አደረጉት?»

ሽማግሌው አጎንብሰው አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እኔ አልነካሁትም» አሉ።

ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ፈተና ተሳካ።