ጠርዙን ሁለቴ

በባርነት ተሸጣ በቅርቡ ከመርከብ የወረደችው ወጣት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር የአሜሪካዋን የካሮላይናን ሩዝ ወቅጣ ስትጨርስ የሙቀጫውን ጠርዝ በዘነዘናዋ ሁለቴ መታችው። ባሕር ማዶ፣ አፍሪካ፣ በእናቶቻቸው ደጅ፣ ይህ «ልጆች፣ ምግብ ደርሷል» ማለት ነበር። አሮጊቷ ጄኔባ ድምፁን ከልጅነቷ ወዲህ ሰምታው አታውቅም። እዚህ የሚወቅጡት ሩዝ ለሽያጭ በመርከብ ይጫናል፤ ለእነሱ የሚሰፈርላቸው በቆሎ ነው።

«አንቺ! ማንን ነው ለምሳ የምትጠሪው?» አለቻት። «ይሄ የጌቶች ሩዝ ነው፤ እኛን ከነቀዘው በቆሏችን ጋር ያኑረን!»

«እጄ ነው እማማ፣ ለምዶበት» አለች ወጣቷ አንገቷን ደፍታ።

ጄኔባ ደግማ ልትቆጣ ስትል ግቢው ጭር ማለቱን አስተዋለች። በየሙቀጫው ያሉት ሴቶች ሁሉ ዘነዘናቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወደ ድምፁ ዞረው ነበር።

የራሷ የጄኔባም እጅ ቀሚሷ ላይ ነበር።