የጋሽ ቸኮል ምሳ ዕቃ

ቀመሪያ ሰው አትጠረጥርም ነበር። ወላሂ፣ አትጠረጥርም! ግን ምሳውን ከሰው ደብቆ የሚበላ ምን ይባላል?

ላፍቶ ባለው ልብስ ስፌት ቤቷ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው ሁሉ ምሳውን አንድ ትሪ ላይ ይገለብጣል። ጋሽ ቸኮል ብቻ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ውልቅ ይላሉ። ድሮ እንዲህ አልነበሩም፤ እንዲያውም በጉርሻ ሰው የሚያስጨንቁት እሳቸው ነበሩ። ኪራይ ተጨምሮባቸው ፉሪ ከገቡ ወዲህ ነው የተለወጡት።

“ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” አለች ልብስ ሰፊዋ ፌኔት። “ደግሞ እትዬ ቀመሪያ፣ ልብ ብለሻል? ሲወጡ ምሳ ዕቃው ይንኳኳል። ሲመለሱ ድምፁ የለም።”

በማግስቱ ቀመሪያ ጆሮዋን ጣል አደረገች። እውነትም ይንኳኳል። ለታዘዘው የዩኒፎርም ኮት የመጣው የብረት ቁልፍ ነዋ! ካርቶን ሙሉ መደርደሪያው ሥር ተቀምጧል። ጎድሎ እንደሆነስ? ማን ቆጥሮት ያውቃል!

ነገር ነገርን ያነሳዋል። ቀመሪያ ዘወትር አርብ ከመስጊዱ ማዶ ላለው የምገባ ማዕከል አንድ ጆንያ ምስር ትሰጣለች። አንድ ጊዜ ጋሽ ቸኮል ስለ ማዕከሉ ጠይቀዋት ነበር፤ መታወቂያ ይጠይቁ እንደሆነ፣ ለቤትም ይቋጥሩ እንደሆነ። ምን አገባቸው? ምስሬ መድረሱን ሊያጣሩ ነው ብላ ተቀየመች። ኋላ ደግሞ “ጆንያውን ያድርሱልኝ” ስትላቸው ወገቤን አሉ። ወገብ! ጣቃ ጨርቅ ብቻቸውን የሚሸከሙ ሰውዬ! ለተራበ ሰው ጆንያ መሸከም የከበደው፣ ከሌባ በምን ይሻላል?

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆመች።

“ጋሽ ቸኮል፣ ይክፈቱት።”

“ቀመሪያ፣ በልጆችሽ! በሰው ፊት አይሆንም።”

“ንጹሕ ከሆኑ ምን ያስፈራዎታል? ካልከፈቱ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይዎት!”

የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። ጋሽ ቸኮል ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቀመሪያ ክዳኑን ፈልቅቃ ከፈተችው።

ውስጡ አንዲት ደረቅ ማንኪያና “ቸኮል፤ ሦስት ልጆች” የሚል የምገባ ማዕከሉ ካርድ ነበረ።