«የኔ ነሽ»

ልብስ ሰፊዋ የጎረቤቷን ባል ድምፅ መፍራት የጀመረችው ድራማው ሃያኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ነው።

ድራማው የኮሪያ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በትርጉም ይታያል። አንድ የሀብታም ልጅ አበባ ሻጭ ወዶ እጇን ጨምድዶ ይጎትታታል፣ ስልኳን ይነጥቃታል፣ ዝናብ ላይ አቁሞ «የኔ ነሽ!» ብሎ ይጮኽባታል። ሌላ አንድ ረጋ ያለ ሐኪም ደግሞ ጃንጥላ ይዞላት ዝም ብሎ ይቆማል። የሚያየው ሰው ሁሉ ለሀብታሙ ልጅ ያጨበጭባል። ልብስ ሰፊዋ ለሐኪሙ።

ምክንያት ነበራት። ሟች ባሏ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በሩን ከውጭ እየቆለፈባት ነበር ሥራ የሚሄደው። ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። እሷ ግን ዛሬም የሆነ ቦታ ቁልፍ ሲንቋቋ መርፌው ከጣቷ ይወድቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ቤቷን ከጎረቤቶቿ የሚለየው ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። ባልና ሚስቱ ከገቡ አራት ወራቸው ነው። ድራማው እንዳለቀ ቴሌቪዥናቸው ይጠፋል። ከዚያ የባልየው ድምፅ ይመጣል።

«ያለኔ ፈቃድ ከዚህ በር አትወጪም! የኔ ነሽ!»

ትንሽ ዝምታ። ከዚያ ያንኑ ቃል እንደገና፣ ከፍ አድርጎ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ። በመጨረሻ አንድ ነገር ወድቆ ይንኳኳል፤ የታፈነ ለቅሶ ይከተላል።

«ጭራሽ ከቴሌቪዥን ተምሮ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ለራሷ። ሀብታሙ ልጅ የተናገረውን፣ አንዲት ቃል ሳይጥል ነበር የሚደግመው።

አንድ ቅዳሜ ሚስትየዋ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ፖስታ ቤት የምትሠራ፣ ንግግሯ የሚጥም ልጅ ናት። ልብስ ሰፊ የሐኪም ያህል ገላ ያያል፤ ሜትሩን በትከሻዋ፣ በክንዷ፣ በወገቧ ዙሪያ ስታዞር አንዲት ሰንበር አላገኘችም። ምልክት የማያስቀር ዓይነት ነው፣ አለች በሆዷ፤ እነሱ ደግሞ ይብሳሉ።

«ልጄ፣ እቤት ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፣ እትዬ።»

«ማታ ማታ ድምፅ እሰማለሁ።»

ሚስትየዋ በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና አቀረቀረች። «ይሰማል እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልን።»

«ይቅርታ ጠያቂዋ አንቺ ሆንሽ?»

«ፍቅር ነው እኮ፣ እትዬ። ድራማውን ያዩ የለ? እኔ ልቤ ሲደነግጥ ነው መወደዴን የማውቀው።»

«የሚያስደነግጥ ፍቅር የለም። ከሟች ባሌ ጋር ኖሬበታለሁ። ይልቅ ጃንጥላ የያዘውን እይው።»

«እሱማ ያሰለቻል» አለችና ሳቀች።

ልብስ ሰፊዋ ያን ሳቅ ታውቀዋለች። ሰው «እንዴት ነሽ?» ባላት ቁጥር እሷም ልክ እንዲሁ ስትስቅ ኖራለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ባልየው መጣ። የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ከወዲያ ማዶ ከሚሰማው ጋር ጭራሽ የማይገጥም። ሦስት ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እጅጌያቸው ይረዝምልኛል? ኮሌታውም ከፍ ቢል።»

«በዚህ ሙቀት?»

«አዎ።» ዓይኑን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አልነቀለም። «ሚስቴ ስለ ባልዎ ነግራኛለች። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር…»

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። «እኔ እጁን ከሚሰነዝር ሰው ጋር ወሬ የለኝም!»

ሸሚዞቹን ትቶ ወጣ። እሷም ከስንት ዓመት በኋላ ለአንድ ወንድ የሚገባውን በመንገሯ ቀኑን ሙሉ ልቧ ቅቤ እንደጠጣ ዋለ።

ዓርብ ዕለት ሀብታሙ ልጅ አበባ ሻጯን በጥፊ መታት፤ ወዲያው ተንበርክኮ ቀለበት አወጣ። ክፍሉ አለቀ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ሰጠች።

ድምፁ ጎርንኖ፣ ተሰነጣጥቆ መጣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ከዚያ ብርጭቆ ተሰበረ። ከዚያ የማን እንደሆነ ለመለየት እንኳ የሚያስቸግር ቀጭን ጩኸት፦ «በቃ! ስለ ፈጣሪ፣ በቃ!»

አስራ አንድ ዓመት አንድ ጎረቤት በሯን እንዲያንኳኳላት ጠብቃ ነበር። አንድም ሰው አልመጣም። ትልቁን መቀስ ብድግ አደረገች፣ የራሷን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ተወችው፣ አምፖሉ ወደተቃጠለው መተላለፊያ ወጣች። የጎረቤቶቿን በር በመዳፏ ደበደበችው።

«ክፈት! ልጄ፣ ውጪ! ቤቴ ክፍት ነው፣ ሮጠሽ ግቢ!»

ውስጥ ግብግብ ተሰማ። መወርወሪያው ተስፈንጥሮ በሩ ተበረገደ። ከጨለማው አንድ ሰው አጎንብሶ፣ በባዶ እግሩ፣ በክንዷ ሥር ሾልኮ ወደ ቤቷ ገባ። በሯ ከኋላዋ ተዘግቶ ከውስጥ ተቆለፈ።

አልዞረችም። ዓይኗን ከተበረገደው በር ላይ አላነሳችም። መቀሱን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«አይዞሽ» አለች ወደ ኋላ አፈግፍጋ የራሷን በር በጀርባዋ ተደግፋ። «ከእንግዲህ በእኔ ላይ ካልሆነ ወዳንቺ አያልፍም።»

ከበሩ ወዲያ፣ ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀ ትንፋሽ ይሰማታል። ከፊቷ ደግሞ የተሰባበረ ብርጭቆ እየረገጠ፣ ሳይቸኩል የሚመጣ የጫማ ኮቴ። መቀሱን ከፍ አደረገች።

ሚስትየዋ በአንድ እጇ ቀበቶ፣ በሌላው የሀብታሙ ልጅ ቃል የተጻፈበት ወረቀት ይዛ ብቅ አለችና «እትዬ፣ ባሌን ይመልሱልኝ፤ የመጨረሻዋን ቃል ገና በደንብ አላላትም» አለቻት።