የተቃኑት ቁልፎች

ልብስ ሰፊዋ ሥዕል ከምትማርበት ክፍል እንደገባች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሥራዋ ፊት ደርቃ ቀረች። ስድስቱ የሸሚዝ ቁልፎች ቀጥ ብለዋል። ትናንት ትታቸው ስትሄድ ጠማማ ነበሩ።

ሥራው ክንድ ተኩል በሚሆን ኮምፔንሳቶ ላይ ነው። ኮምፔንሳቶው ጄሶ ለብሷል፤ ጄሶው አሸዋና የክር ብጥስጣሽ ተቀላቅሎበታል፤ መሐሉ ላይ ከአንድ አሮጌ ሸሚዝ ደረት የተቆረጡ ሁለት ጨርቆች ከነቁልፋቸው ተለጥፈዋል። ኮሌታ የለ፣ እጅጌ የለ። ከሩቅ ያየ ሰው የተሰነጠቀ መሬት ነው ሊል ይችላል። ይበል፣ እሷ ግድ የላትም። ዋናው ነገር ቁልፎቹ አንድ ቀዳዳ ዘለው መቆለፋቸው፣ ጨርቁም በዚያ የተነሳ መሐል ላይ ማበጡ ነበር። እብጠቱ እንዳይረግብ ከሥሩ በክር እየደገፈች፣ ከላይ ኮላ እየደራረበች ሦስት ሳምንት ለፍታበታለች። አሁን ጨርቁ በካውያ የተተኮሰ ይመስል ዝርግት ብሎ ተኝቷል።

መምህሩ መሰላል ተሸክሞ ገባ። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ስድስት ወር የሠሩትን ለቤተሰቦቻቸው ያሳያሉ፤ እሱም ከጠዋት ጀምሮ ሚስማር ሲመታ ነው የዋለው። ፊቷን ሲያይ ፈገግ አለ።

«አዩት? በሙቅ ውሃ አላልቼ አቃናሁልዎት። ሲቆልፉት አንድ ቀዳዳ ዘለው ነበር።»

ውለታ የዋለላት መስሎት ምስጋና ይጠብቃል። የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፋ፣ ቁልፉ ተዛንፏል ብሎ አንድ ደንበኛ ተመልሶባት አያውቅም። ይኸው ዛሬ ልጇ የሚሆን ሰው፣ የራሱ ጃኬት ክንዱ ሥር ተተርትሮ የሚሄድ ሰው፣ ስለ ቁልፍ ያስተምራታል።

«ማን ንካ አለህ?» አለችው።

መምህሩ መሰላሉን አስቀመጠ። ለእሷ ክብር ብሎ እንደሆነ፣ እንግዳ ሲያየው ስህተት እንደሚመስለው፣ በሥዕል ሚዛን የሚባል ነገር እንዳለ አስረዳት። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የመኪና ጎማ ካለመዳሪ እየቆረጠ የራሱን ሥራ የሚለጣጥፈው ጡረተኛ ሹፌር፣ ቀድሞውኑ መምህሩን ተው የሰው ነገር አይነካም ብሎት እንደነበር፣ ግን የሚሰማው እንዳጣ አጉረመረመ።

«ስህተት?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ባለቤቴ እንዲህ ነበር የሚቆልፈው።»

ከዚያ በኋላ አፏን የሚያስዘጋት አልተገኘም። ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ጊዜ ጀምሮ፣ በየጠዋቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ በግራ እጁ ብቻ ሸሚዙን ሲታገል ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት እንደነበር፣ የሚረዳው ሰው ሲጠጋ በክርኑ ይገፋ እንደነበር ነገረችው። ሁልጊዜም አንድ ቀዳዳ ይዘል ነበር። ሲጨርስ ግን አገጩን ቀና አድርጎ ነበር ወደ ደጅ የሚወጣው። ወጥቶስ ማን ይተወዋል። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ ታቃናዋለች። ሴት ልጃቸው እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ታቃናዋለች። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የማያውቀው ሰው፣ ይፍቀዱልኝ እንኳ ሳይል ደረቱ ላይ እጁን ሰዶ አቃናው። እሷ ይህን ለመሥራት ቀኝ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ፣ እሱ ይቀመጥበት የነበረው የአልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ በግራ እጇ ብቻ ቆልፋዋለች። አርባ ደቂቃ። እሷም፣ እሷ ልብስ ሰፊዋ፣ አንድ ቀዳዳ ዘላለች።

«ሞቶም አላረፈም» አለች። «አንተም ደግሞ መጣህበት።»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ጠየቀ፤ እንዴት እንደነበር ካሳዩኝ እኔው እመልሰዋለሁ አለ። እጅህን ሰብስብ አለችው። ሙቅ ውሃ እንዲያመጣ ብቻ ላከችውና፣ ባመጣው ውሃ ጨርቅ ነክራ ኮላውን ታላላ ጀመር። ያልላላውን በስፌት መተርተሪያ ምላጯ ቀስ ብላ አነሳችው። ስምንት ሰዓት አልፏል። እንደተናደደች ናት፤ ንዴቱ ግን ደስ ብሏታል፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ጮክ ብላ ስለ እሱ አውርታ አታውቅም።

አንዱንም ቁልፍ ሳታስቀር ፈታች። ከዚያ በግራ እጇ ከላይ ጀምራ፣ አንድ ቀዳዳ ዘላ፣ እንደገና ትቆልፍ ጀመር። የመጀመሪያውን አስገባች። ሁለተኛው ከጣቷ አመለጣት።

ሹፌሩ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ክፋት የሌለው፣ ዝም ማለት ብቻ የማይችልበት ሰው ነው።

«እርስዎስ አቃንተውለት አያውቁም?»

በፍጹም ልትል አፏን ከፈተች።

ልጃቸው የተመረቀች ቀን ነበር። ፎቶ አንሺው ቆሟል፣ ዘመድ ሁሉ ተሰልፏል፣ እሱ አገጩን ቀና አድርጎ ከመኝታ ቤት ወጣ። እሷ ሄደች፤ በስንት ዓመት ስፌት የሠለጠኑ ጣቶቿ ስድስቱንም ፈትተው ስድስቱንም ቆለፉ። ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ያህል እንኳ አልፈጀባትም። እሱ በአናቷ ላይ አሳልፎ ግድግዳውን ያይ ነበር።

«አንድ ቀን ብቻ» አለች ለሹፌሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን ስታቀርብለት፣ ሹራብ ይሻለኛል አላት። እስኪሞት ድረስ ቁልፍ ያለው ልብስ አልለበሰም።