ከነጩ ግድግዳ ፊት

በፕላመን ቤት ታሪካዊ ውሳኔ ተላልፏል፦ እሁድ ረፋድ ላይ እናት አበባ ያያሉ።

እነሆ እሁድ ነው። ወይዘሮ ዝላትካ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ እንደ ሙሽራ ተሰይመው፣ ጥቁር ባሕር ዳር ባለው ስመ ጥር የአበባ ቦታ ይንሸራሸራሉ። መንገዱ ለወንበር ታስቦ የተነጠፈ ነው፤ አንዲት ጠጠር አታንገጫግጭም። ከኋላ ልጃቸው ይገፋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከደጃፍ አውጥቷቸው አያውቅም፤ ስለዚህ ዛሬ የሚያዩት አበባውን ብቻ አይደለም። ለካ እወደዳለሁ፣ ይላሉ በሆዳቸው።

ጽጌረዳው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ፕላመን ወንበሩን አዞረና ከመጸዳጃ ቤቱ ነጭ ግድግዳ ጋር አስጠጋው። ምራታቸው ሮሲትሳ ማበጠሪያ አውጥታ ፀጉራቸውን አስተካከለች፤ ቀዩን ሻርፕም ከአንገታቸው ፈታች።

"እሱ ደግሞ ምን አደረገሽ?"

"ሲታተም ይጠቁራል፣ እማማ።"

ወይዘሮ ዝላትካ በከተማቸው የሚታተመውን ያውቁታል። ሰው ሲሞት ፎቶው ከነስሙ ወረቀት ላይ ወጥቶ በቤቱ በር፣ በመብራት ምሰሶ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ ይለጠፋል። የባላቸው ፎቶ ከሰርግ ላይ ተቆርጦ የተወሰደ ስለነበር አገጫቸው ሥር የአረቄ ብርጭቆ ቀርቶ፣ ሰፈሩ ለቅሶውን ትቶ ብርጭቆውን ሲያወራ ከረመ። ሁለተኛ አንዋረድም ብላ የማለችው ሮሲትሳ ናት።

"ፈገግ አትበይ፣ እማዬ" አለ ፕላመን ስልኩን ደግኖ። "ኮስተር በይ። ኧረ እንደሱም አይደለም፤ ትንሽ ደግ ሴት ምሰዪ።"

መሰሉለት። ሮሲትሳ ፎቶውን አየችና ለባሏ አንሾካሾከች፦ "ለሙት ዓመታቸውም ይሆነናል።"

የደከመው እግራቸው እንጂ ጆሯቸው አልነበረም።

እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉት። አሁን ደግሞ አንተ ቁምልኝ አሉት። ፕላመን ሳቀ፤ እንግዲያውስ ጽጌረዳው ጋ ይሻለኛል ብሎ ሊሄድም ነበር።

"ግድግዳው ጋ" አሉ። ወደ ምራታቸውም ዞረው፣ "አንቺ፣ ኮሌታውን አስተካክይለት። አባቱም በዚህ ዕድሜው ደህና ነበር።"

የሮሲትሳ እጅ ባሏ አንገት ሥር ደርሶ ቀረ።

"እማዬ" አለ ፕላመን፤ ሳቁ ገና ከፊቱ ተጠርጎ አላለቀም። "እኔን ለምንድን ነው?"

ወይዘሮ ዝላትካ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ስልኩን ደገኑ።

"ኮስተር በል" አሉት። "አልነግርህም።"