ለአራት ጊጋዋ ላፕቶፕ የሚሆን ጨዋታ

ሸዋንዳኝ በዱባይ ሐበሻ ዘንድ የደካማ ላፕቶፕ ወጌሻ ነው። በሥራ ቀን ሆቴል ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ በእረፍቱ ቀን ደግሞ አዲስ ጨዋታ ለማይችሉ ማሽኖች አሮጌ ጨዋታ ይፈልግላቸዋል። አሮጌ የሚለው ንቆት አይደለም፤ ደህናው ጨዋታ ድሮ ቀረ ባይ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነፃነት ላፕቶፗን ታቅፋ ኡድ ሜታ ወዳለው ሻይ ቤት መጣች። እዚያው ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የምትኖረው ግን አጅማን ከተማ ነው። ከወደዳት ሁለት ዓመት አልፎታል። «አገር ቤት ስንገባ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሏት ነበር። እስካሁን ግን አገር ቤት አልገቡም፤ እሱም ነገሩን መልሶ አላነሳውም።

«ጉድ ሆንኩ፣ ሸዋ! የኳስ ጨዋታ ጫንኩበት፣ እንደ ጄኔሬተር ጮሆ ጠፋ።»

«ራሙ አራት ጊጋ ነው፤ ምን ያድርግ? አንቺስ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ?»

«ለእኔ አይደለም። ለእሱ ነው።»

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ለማን?»

«ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አለኝ። እኔ ክሊኒክ ሹግል ስውል ብቻውን ይሰለቸዋል።»

«አጅማን? አንቺ ጋ ነው ያረፈው?»

«ታዲያ የት ይረፍ? አብረውኝ የሚኖሩት ልጆችማ ከእኔ በላይ ወደውታል፤ ሲያጎርሱት ነው የሚያመሹት።»

ሸዋንዳኝ ፊቱን ከስክሪኑ ጀርባ ደበቀ። የተኩስ ጨዋታ ሲያሳያት «ደም ማየት አይወድም» አለች። የመኪና ሲያሳያት «ያዞረዋል» አለች። ቅምጥል፣ አለ በልቡ። ኳሱም ቢሆን የድሮ ተጫዋቾች ያሉበት ይሁንለት ተባለ፤ የዛሬዎቹን አያውቃቸውም። ይሄ ደግሞ አዋቂ ነኝ ባይ ነው።

«ለሥራ ነው የመጣው?»

«ለጋብቻ ጉዳይ ነው።» ሳቋን ልትይዝ ከንፈሯን ነከሰች። «ዋላሂ፣ ከመጣ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።»

ሸዋንዳኝ ቀና። አምርሮ ቀና። ከባድ ጨዋታ ጭኖ ላፕቶፑን ድርቅ ቢያደርገውስ? ጣቱ ሄዶ ተመለሰ፤ ሙያው እሺ አላለውም። ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ የኳስ ጨዋታ መረጠ። የሜዳውን ጥላና የተመልካቹን ብዛት ቀነሰ። «ፊደሉንም ትልቅ አድርግለት» አለችው፤ አደረገ። ኳሱ ሳይንቀራፈፍ ከግብ ጠባቂው እግር እስከ አጥቂው ደረሰ፤ ማሽኑም ትንፍሽ አላለም።

ነፃነት አጨበጨበች። «በጣም ነው ደስ የሚለው!»

«እንቺ» አላት፣ ዓይኑን ሳያነሳ። «ጥፋቱ የእኔው መዘግየት ነው። መቼም... ይቅናችሁ።»

ላፕቶፗን ታቅፋ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ታዲያ ለአባቴ ምን ልበለው? ሽማግሌዎችህ የሚመጡት ቪዛው ሳያልቅ ነው ወይስ ዋንጫውን ሲበላ?»